ቁልፉ በእጃችን ሳለ

ለእድር ዳኞች፣ ለጸሐፊዎችና ለገንዘብ ያዦች፣ ድንኳኑንና ድስቱን ቆጥራችሁ ለምታስረክቡ የንብረት ኃላፊዎች፣ ያለ ደመወዝ በአንድ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ለሸበታችሁ እኩዮቼ ሁሉ የምለው አለኝ፤ የምለውም ደስ የሚያሰኝ አይደለም። አባቶቻችን አዲስ አበባ ውስጥ ከወር መዋጮ ሳንቲም አጠራቅመው፣ ድንጋይ ተሸክመውና ጭቃ ረግጠው የሠሯቸው፣ እኛም በብሎኬትና በቆርቆሮ ያደስናቸው የእድር አዳራሾች እንደቆሙ ባለቤት እያጡ ነው። ግድግዳቸው አለ፤ በራቸው ይከፈታል፤ ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ስብሰባ ያስተናግዳሉ፤ ነገር ግን እኛ ስናልፍ ማን እንደሚከፍታቸው፣ በማን ስም እንደሚጠሩ፣ ለምን እንደተሠሩስ ማን እንደሚያስታውስ ስጠይቅ የሚመልስልኝ አጣለሁ። ከእናንተ ጋር በተቀመጥኩባቸው ጉባኤዎች ሁሉ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ዐይን ወደ መሬት ሲያይ፣ ወሬውም ወደ ሌላ አጀንዳ ሲሻገር ታዝቤያለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ግሬደሩን እንደሆነ አውቃለሁ። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርሱ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ዕድሜ ልኩን አብሮ የኖረ ጎረቤት አንዱ ወደ ገላን ጉራ፣ አንዱ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ ወደ ልጁ ቤት ሲበተን እድሩም አብሮት ተበትኗል። ይሁን እንጂ መንገድ የሚሰፋበትን ቀን የሚቆርጠው ሌላ ነው፤ አዳራሹ በዚያ ቀን ምን ሆኖ እንደሚገኝ የምንቆርጠው ግን እኛ ነን። በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታውን ለሚለቅ ሰው ካሳ ይደነግጋል፤ ባለይዞታ ነኝ ለማለት ግን ማስረጃ ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል። ዛሬ ጠዋት ብንጠየቅ ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የመሥራቾቹን ቃለ ጉባኤ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ የምናስቀምጥ ስንቶቻችን ነን? ከውጭ የሚመጣው ነገር ከመድረሱ በፊት ከውስጥ የለቀቅነው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ይህን አስቀድሜ አይቼዋለሁ።

ባደግሁበት ሰፈር ከጣሊያን መውጣት በኋላ የተቋቋመ እድር ነበር። ያን ጊዜ ከየአገሩ ወደ ከተማ የገባው ሰው ወንድሙና አጎቱ ከሩቅ ደርሰው እስኪቀብሩት ጊዜ ስለማይጠብቀው ጎረቤቱን ዘመድ ማድረግ ነበረበት፤ እድር በዚህች ከተማ ሥር የሰደደውም በዚሁ ነው። ከአባላቱ መካከል ሀብት የነበራቸው አንድ ሰው ከሰፊው ግቢያቸው ጥግ ቆርሰው ሰጡ፤ አባላቱም አዳራሽ ሠሩበት። የቦታውን ስም ወደ እድሩ እናዙር ያለ ግን አልነበረም፤ እንዲህ ብሎ መናገር የሰጡትን ሰው እንደ መጠርጠር ይቆጠር ነበርና ነውር ነበር። ሰውዬው ቃላቸውን የሚያጥፉ አልነበሩም፤ አላጠፉምም። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ግን አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት፤ ሌላው ትርፍ ተባለ፤ አዳራሹም በወረቀት የእሳቸው ስለነበር ከትርፍ ቤቶቻቸው ጋር ተቆጠረ። ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ሄደው ይህ የእድር ነው ቢሉ፣ ድንጋዩን የተሸከምነው እኛ ነን ቢሉ፣ የተጠየቁት ወረቀት ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ አንዱ ቤት፣ ብረት ድስቱ ሌላው ቤት ገባ፤ አግዳሚው በየደጁ ተደርድሮ ዝናብ መታው፤ ሳህኑና ብርጭቆው በአንድ ሁለት ክረምት ውስጥ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ሆነ። ማንም አልሰረቀም። የጋራ የሆነ ነገር የሚቀመጥበት የጋራ ቤት ሲያጣ እንዲህ ይሆናል።

ከዚያ ቀይ ሽብር የተባለው ክፉ ዘመን መጣ። በ1969 እና በ1970 ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ወጥተው እንዳያለቅሱ፣ ጎረቤትም ለቅሶ እንዳይደርስ የተከለከለበት ጊዜ ነበር፤ አዳራሽ ቢኖረንም ያን ጊዜ ድንኳን እንተክል ነበር አልልም። ነገር ግን ዘመኑ ጥቂት ሲረግብ፣ አዳራሹ የተረፈለት ሰፈር ቀስ ብሎ ወደዚያው ተመለሰ፤ የቀረው ሰው ተቆጠረ፤ ያልተለቀሰለትም በዘገየ ለቅሶ ተለቀሰለት። እኛ የምንመለስበት ስላልነበረን አልተመለስንም። ሰዎቹ አሉ፤ በመንገድ እንተያያለን፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ግን አንድ ላይ የምንቀመጥበት ቦታ ከጠፋ በኋላ እድሩ ስሙ ብቻ ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶም ስሙ ጠፋ። መዝገቡ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አላገኘሁም።

አዳራሽ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያየሁት በኋላ፣ ትዳር ይዤ በገባሁበት ሌላ ሰፈር ነው። እናንተም ታስታውሱታላችሁ፤ ጡሩምባው ገና ጎህ ሳይቀድ የሚነፋበት፣ ከአንድ ቀብር ተመልሰን ጫማችንን ሳናወልቅ ለሌላ የምንጠራበት፣ ሰው የልጁን በሽታ ሳንባ ነው፣ ወባ ነው እያለ የሚሸሽግበት ዓመታት። የእድር ሒሳብ የተሠራው ሽማግሌ በየተራው እንዲሞት፣ ጎልማሳው እየከፈለ እንዲቀብር ታስቦ ነው፤ ያ በሽታ፣ ኤድስ፣ ግን ከፋዩን ጎልማሳ አስቀድሞ አሮጊት እናቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ ሄደ። በ1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት እስኪጀምር ድረስ ካዝናችን ከወር ወር አልሞላም። በብዙ የአዲስ አበባ እድሮች ያን ጊዜ አንድ ከባድ ክርክር ተነሣ፤ ገንዘባችን ለሞተ ብቻ ነው ወይስ ሳይሞት በፊት ለታመመ፣ ወላጅ ለሞተበትም ልጅ ጭምር? ደንብ ይፈርሳል ያሉ ነበሩ፤ ደንቡን የምናከብረው ለማን ብለን ነው ያሉም ነበሩ። በእኛ አዳራሽ ያ ክርክር እስከ ማታ ቆይቶ፣ በማግሥቱ ቀጥሎ፣ በሌላ እሑድም ተነሥቶ በመጨረሻ ደንቡ ተሻሻለ። ከዚያ በኋላ በዚያው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ወላጅ የሌላቸው ልጆች የትምህርት ቤት ሥራቸውን ይሠሩ ጀመር፤ እናቶች በተራ ሽሮ ይሠሩላቸዋል፤ አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሒሳብ ያስረዷቸዋል። ከእነዚያ ልጆች መካከል ዛሬ ነርስ የሆነች፣ መሐንዲስ የሆነ፣ ልጅ ወልዶ ያሳደገም አለ። ያን ውሳኔ የወሰነው ገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘቡማ ጥቂት ነበር። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ መጨቃጨቅና ተጨቃጭቆም ዳግም መምጣት የሚችልበት ቤት ስለነበረው ነው። ስለዚህ አዳራሹ ይፍረስ፣ በስልክ እንመካከራለን የሚሉ ወዳጆቼን ስሰማ፣ ያ ክርክር በስልክ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች የት እንደሚሆኑ አስባለሁ፤ ማሰቡም እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሁን ያለንበትን ልንገራችሁ፤ ባትወዱትም ታገሡኝ። ከ2012ቱ ወረርሽኝ ጀምሮ ድንኳን መጣል ሲከለከል ለቅሶ መቀመጥ አጠረ፤ ሰልስቱም በብዙ ቤት የአንድ ቀን ነገር ሆነ፤ እገዳው ሲነሳ ግን የተውነውን ሁሉ አልመለስነውም። በ2013 ቴሌብር ሲመጣ መዋጮ በስልክ መላክ ተቻለ፤ ይህ በራሱ መልካም ነው፤ ጉልበቱ ለደከመ አዛውንት፣ ሥራ ለሚውል ልጅም እፎይታ ነው። ይሁንና ከመዋጮው ጋር ቅጣቱም በስልክ መላክ ጀመረ፤ ቀብር ያልወጣ፣ ስብሰባ ያልመጣ ሰው ቅጣቱን ልኮ ያርፋል፤ እኛም የቅጣቱ ገቢ ካዝናውን ስለሞላ ደስ ብሎን ዝም አልን። ቅጣት የተሠራው ሰው እንዲመጣ ነበር፤ ዛሬ ላለመምጣት የሚከፈል ዋጋ ሆኗል። ሬሳ የሚሸከም ትከሻ ጠፍቶ በክፍያ ሰው የተቀጠረበትን ቀብር አይቻለሁ፤ የሟቹ እድር ግን በመዝገብ ሲታይ የአባላቱ ቁጥር የተሟላ፣ ሒሳቡም የደላ ነበር።

አዳራሹንም እንዲሁ በገንዘብ ማየት ለምደናል። የሚከራይ ነገር ስለሆነ አከራየነው፤ ሠርግ መጣ፣ የዕቁብ ስብሰባ መጣ፣ ከጎኑ የቆሙት ሱቆችም ኪራይ አመጡ፤ ከዚያም ገቢ ካለ መዋጮ ለምን ይጨምራል ተባለ፤ ቀጥሎም መዋጮው ይቀነስ ተባለ። ኪራይ መጥፎ ነው አልልም፤ ጣሪያ የሚጠግነው እርሱ ነውና። ነገር ግን አባል ራሱን ከአዋጪነት ወደ ኪራይ ተካፋይነት ባሸጋገረ መጠን፣ አዳራሹ ለለቅሶ ሲፈለግ ቅዳሜ ለሠርግ ተይዟል የሚባልበት ቀን ይቀርባል፤ በአንዳንድ ሰፈር ቀርቦም አልፏል። የሞተበት ሰው በገዛ እድሩ በር ላይ ቆሞ ቦታ የለም ሲባል መስማት ምን ያህል እንደሚያሳፍር፣ ያፈረበት ሰው ብቻ ያውቀዋል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝ እርሱ ነውና። ካርታው በመሥራቾቹ ስም የወጣ፣ መሥራቾቹም በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ መቃብር ያረፉ፣ ስሙን ያላዛወረ እድር ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ ደግሞ ሟቹ በሕይወት ሳሉ ለአንድ ሽማግሌ በሰጡት ውክልና ነው የሚተዳደረው፤ ውክልና ግን በወካዩ ሞት ያበቃል፤ የዛሬው ፊርማችንም ነገ አንድ ወራሽ ፍርድ ቤት ቢቆም የሚጸና አይሆንም። ወራሾቹን ክፉ አድርጌ አላስብም፤ ብዙዎቹ አባታቸው ለእድር የሰጠውን መሬት ነገር ከነጭራሹ አልሰሙም፤ ሳይሰሙ ያደጉ ሰዎች በአባታቸው ስም የወጣ ካርታ ሲያገኙ ምን እንደሚያስቡ መገመት አያዳግትም። ባንክም እንዲሁ ነው። ሦስት ፈራሚዎች ካሉት ሒሳብ ሁለቱ ሞተው፣ አዲስ ፈራሚ የሚመረጥበት ጉባኤ ምልዓት አጥቶ ገንዘቡ ታግዶ ሲቀመጥ፣ ድንኳን የሚገዛበት ብር እያለ ድንኳኑ ተቀድዶ ዝናብ ሲያስገባ አይተናል። መዝገቡስ? ማን መዋጮ ከፍሎ ማን እንዳልከፈለ፣ የትኛዋ መበለት ከመዋጮ ነፃ እንደተደረገች፣ የማን ልጅ ታሞ እንደተረዳ የተጻፈበት ትልቁ ደብተር በአንድ ጸሐፊ አልጋ ሥር፣ በአንድ ሻንጣ ውስጥ ነው ያለው። ቅጂ የለውም። ያ ሰው ደግሞ እንደ እኛው ዐይኑ ደክሟል።

ልጆቹ አይመጡም እንላለን። ይህን ቃል ስለምደጋግመው ሳይሆን ስለምሰማው ሰልችቶኛል። እውነት ነው አይመጡም፤ ግን ቢመጡ ምን ይሆናሉ? ደንባችን ድምፅ የሚሰጠው ለአባወራው ነው፤ ልጁ አርባ ዓመት ቢሞላው በአባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ አባቱ ታሟል ብሎ ከመናገር ውጭ ሌላ ቃል የለውም። ድንኳን ጣሉ፣ ወንበር ተሸከሙ እንላቸዋለን፤ ሒሳብ እንይ ሲሉ ግን እንቆጣለን። እነዚሁ ልጆች ባሕር ተሻግረው ዋሽንግተን ሲገቡ ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ፤ በራሳቸው እድር አቋቁመው፣ ለሟች አስከሬን ማጓጓዣ አዋጥተው፣ ለማያውቁት ሰው ለቅሶ ሥራ ጥለው ይሄዳሉ። የአገራቸውን ነገር አልረሱም። እዚህ ግን በር ላይ አስቁመናቸዋል።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ዝም ብል ኃጢአት ይሆንብኛል። አዳራሹን በእውነት የያዙት እነርሱ ናቸው፤ ንፍሮውን የሚቀቅሉት፣ ሳህኑን ቆጥረው የሚመልሱት፣ በየትኛው ቤት የታመመ እንዳለ ከእኛ ቀድመው የሚያውቁት፣ ለቅሶ ቤት ሌሊቱን ፍራሽ ላይ የሚያድሩት። የሴቶች እድር ሒሳብ ከወንዶቹ የተስተካከለ እንደሆነ የማያውቅ ዳኛ የለም። ሆኖም ባሏ የሞተባት ሴት አባልነቱን ትወርሳለች እንጂ ከኮሚቴው ወንበር ሲደርስ የሚጠራት የለም። እኛ ጥቂት ወንዶች ስንደክም አዳራሹን የሚያውቅ ሰው ጠፋ ብለን ማልቀሳችን ከዚህ አንጻር እንግዳ ነገር ነው፤ የሚያውቁትን ጓዳ አስቀምጠን የሚያውቅ እንፈልጋለንና።

ከሁሉ የከፋውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለመናገር ስለከበደኝ ነው። ሰፈራቸው የፈረሰ፣ ወይም ይፈርሳል የተባለ አንዳንድ እድሮች ያለውን ገንዘብ እንከፋፈልና እንለያይ ብለዋል፤ ድስቱንና ወንበሩን በጨረታ ሸጠው ለየአባሉ ያደረሱም አሉ። ለአንድ ቤት የሚደርሰው ያን ያህል ስላልሆነ በአንድ ገበያ ያልቃል። በየኮንዶሚኒየሙ የገባው ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ጎረቤት ሲሞት ከዜሮ ይጀምራል፤ የጋራ መገልገያ ቤቱን የሚያጸዳው ማነው፣ ማን ይከፍታል፣ ማን ድስት ይገዛል እያለ የማያውቀውን ሰው በር ያንኳኳል። ተከፋፍሎ የተለያየ እድር መልሶ አይገናኝም፤ እኔ አላየሁም። ሰው ቢበተንም ስሙንና መዝገቡን ይዞ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ በየሄደበት ቅርንጫፍ ተክሎ የቀጠለ እድር ግን አለ፤ ቀብርም ሲሆን ከሦስት አቅጣጫ ተነሥተው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይገናኛሉ። ልዩነቱ ሁለቱ ባላቸው ገንዘብ አልመጣም። አንዱ የመበተኛው ቀን ከመድረሱ በፊት ስለ ነገ ተቀምጦ ተነጋግሮ ነበር።

እኩዮቼ ሆይ፣ ጊዜው አላለፈም፤ አልፎ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ከሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ እዩ፤ የሞተ ስም ካለ ወራሾቹን በአክብሮት ቤታቸው ሄዳችሁ አናግሩ፤ አባታቸው የሠሩትን በጎ ነገር ከእኛ አፍ ይስሙ፤ ስሙም ወደ እድሩ ይዙር። የባንኩን ፈራሚዎች አሁን፣ ሁሉም በሕይወት ሳሉ ቀይሩ። ደንቡ ላይ ለባልም ለሚስትም፣ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ለደረሰ ልጅም ድምፅ የሚሰጥ አንቀጽ አግቡ። አዳራሹ ለለቅሶ ሲፈለግ ከማንኛውም ኪራይ እንደሚቀድም በኪራዩ ውል ላይ ይጻፍ። ለቅጣቱም ወሰን አብጁለት፤ ከዚያ ወዲያ ያልመጣ ሰው በገንዘብ ሳይሆን ቤቱ ተሂዶ፣ ምን ሆነህ ነው ተብሎ ይጠየቅ።

ያን ትልቁን ደብተርም ከሻንጣው አውጡት። በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጋ፤ ሁለት ወጣቶችና አንዲት ከሴቶቹ እድር የመጣች ጸሐፊ ገጽ በገጽ ይገልብጡት፤ ካስፈለገም በስልካቸው ፎቶ ያንሡት። አንዳንዱን መስመር ብቻቸውን አያነቡትም፤ አንዳንዱ ስም ማን እንደነበር አያውቁም፤ አንዳንዱ ወጪ ለምን እንደተከፈለ አልተጻፈም። ለዚያ እኛ አለን። ከጎናቸው ተቀምጠን ይህ እገሌ ነው፣ ይህ የዚያ ክረምት ነው ለማለት ጉልበቱም ትዝታውም ገና አልከዳንም፤ መጪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ለሠርግ ካልተያዘ በዚያው ቀን ይጀመር።